የእማማ ኦክሱን ተራ

ሃያዋታ መንገድ ላይ ሦስተኛው ቀይ መብራት ሲይዘኝ መሪውን በጡጫ መታሁት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የቺካጎው አውሮፕላን የሚነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ካሜራዋን ይዛ የምትሄደው ሴትዮ ግን ፍተሻውን አልፋ ከገባች አበቃ፤ ቢነሳም ባይነሳም ለኛ አንድ ነው።

«ጥሰሽው እለፊ!» አሉኝ ሃምሳ አለቃ ሰረቀብርሃን ከኋላ ወንበር።

«ፖሊስ ከጎናችን ቆሟል እኮ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ይቁም! ዛሬ ካየሁት ጉድ ፖሊስ አይብስም።»

ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው በሕይወት ከተመለሱት አንዱ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ አራት ኒሻን ተደርድሯል። ሰው በስማቸው ብቻ ከጠራቸው መልስ አይሰጡም፤ ማዕረጋቸው ሲጠራ ግን በእንቅልፍ ልባቸውም ቢሆን «አቤት!» ይላሉ።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ኦክሱን ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኮሪያዊት ናቸው፣ ሰሜን ካለችው ከሃምሁንግ ከተማ። ልጅ ሆነው በጦርነቱ ሸሽተው ወደ ደቡብ ወረዱ፣ በኋላ የአሜሪካ ወታደር አግብተው ሚኒሶታ ገቡ። እኔ የአረጋውያን መዋያ ቫን ሾፌር ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እማማን ከብሩክሊን ፓርክ፣ ሃምሳ አለቃን ከሮቢንስዴል እያነሳሁ አመጣቸዋለሁ፣ እመልሳቸዋለሁ። ያን ቀን ቅዳሜ ነው፣ ሥራዬ አይደለም፤ ቫኗን ለምኜ ነው ያወጣኋት። እማማ ደረታቸው ላይ «7» የሚል ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል።

ሰኞ ጧት ጉሮሯቸው ይከፈታል። ካንሰሩ ድምፅ የሚወጣበትን ቦታ ስለበላው ሐኪሞቹ ነቅለው ሊያወጡት ነው። ሰርጀሪው ከተሳካ ይኖራሉ፣ ግን አይናገሩም። እንግዲህ ለእህታቸው የሚሉት ነገር ካለ ከሰኞ በፊት ነው የሚሉት፤ ካሜራዋ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ትበራለች።

ይህን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌላውንም እሰድባለሁ፣ ግን ከራሴ ልጀምር።

ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ እኛ ሰዎች ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ሃያ ዓመት የተዘጋው የአስመራ ስልክ በአንድ ቀን ተከፈተ። አውሮፕላን በረረ፣ ሰው አስፋልት ላይ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ጨፈርን፣ ካናቴራ አሠራን። እኔም እህት አለችኝ፣ ሮዳስ። በእናት አንድ ነን፤ አባቷ ኤርትራዊ ስለነበር በዘጠናው ጦርነት ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ጭነው ወሰዷት። መስመሩ የተከፈተ ለት ደወልኩ። «የትሜ?» ስትለኝ ቫኗን መንገድ ዳር አቁሜ ጮኼ አለቀስኩ። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ። «ለገና!» አልኳት። ጥገኝነት ከጠየቅኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወረቀቴ ገና ነው፤ ከአሜሪካ ብወጣ አልመለስም። ይህን እያወቅሁ ነው «ለገና» ያልኳት። አይ ብል ሆዷ ይባባል ብዬ ነዋ።

ያን ሰሞን ደግሞ የኮሪያዎቹም መሪዎች ድንበር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው በቴሌቪዥን ታዩ። ነሐሴ ላይ የተለያዩ ቤተሰቦች ተገናኙ ተብሎ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ እኛ መዋያው ውስጥ ከእማማ ጋር አየን። የተመረጡት ግን ጥቂት ናቸው፤ አሜሪካ የሚኖር የለበትም፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘም ሰሜን መግባት በአሜሪካ ሕግ ተከልክሏል። ይህን እማማ ራሳቸው ነገሩኝ። እኔ ግን ሰክሬያለሁ፣ ይሄ ይገባኛል? «የኛ በሳምንት ተከፈተ እኮ! የእርስዎም ይከፈታል። ለገና እህትዎ ዘንድ ነዎት!» አልኳቸው። ለሷም ለገና፣ ለሳቸውም ለገና። አፌ ያን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ነበረ።

ከቺካጎ አንዲት ሚስ ሃን የምትባል ሴትዮ እየመጣች ሰሜን ቤተሰብ የቀረባቸውን ሰዎች መልእክት እንደምትቀዳ ስንሰማ፣ እንመዝገብ ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ለዓመታት እንቢ ሲሉ ኖረዋል። ያን ለት ግን ቴሌቪዥኑን ሲያዩ ቆዩና «እሺ፣ አንድ የምላት አለኝ» አሉ።

በስልኬ ልቅዳቸው ብዬ ጠይቄ ነበር። አይሆንም፤ ቅጹና ቁጥሩ እዚያው ካሜራ ላይ አብሮ ካልታየ መዝገቡ አይቀበለውም።

ቀረጻው ሲዋርድ ሰፈር ነበር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከፈረንጆች በሰዓት በሚከራየው ምድር ቤት። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ላይ ሠርግ ስላለ አንድ ደቂቃ አይጨመርም። ሰባት ሰው ነው የተመዘገበው፣ አራት ሰዓት ሙሉ ለሰባት ሰው ይተርፋል፤ ሚስ ሃን ኮምፒውተሯን ከፍታ ጥቁር ጨርቅ ሰቅላ ተዘጋጅታለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ፤ ፓስተራችን ናፍያድ ሰምቶ ኖሮ «የሰላምና የእርቅ ጉባኤ» የሚል ባነር አሠርቶ፣ ሃምሳ አለቃንም የክብር እንግዳ ብሎ ጠርቶ መጣ።

መጀመሪያ የባንዲራው ጠብ ተነሳ። ሁለት የኮሪያ ማኅበር ተጋብዟል፤ አንደኛው የደቡቡን ባንዲራ ጠረጴዛ ላይ ካላቆምኩ አለ፣ ሁለተኛው ነጩን፣ መላው አገር በሰማያዊ የተሳለበትን ካላቆምኩ አለ። ሁለቱ ሊቃነ መናብርት በከረባታቸው ላብ በላብ ሆነው ሃምሳ ደቂቃ ተጯጯሁ። ለአንድነት መጥተው! በመጨረሻ ሁለቱም ባንዲራዎች ተነሱና በቦታቸው የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ።

ከዚያ ንግግር። ፓስተሩ ተናገረ፣ ሊቀመንበሩ ተናገረ፣ ሌላኛው ሊቀመንበር እንዳይቀርበት ተናገረ። ሁሉም «ቅርብ ነው» ይላሉ። ሰላም ቅርብ ነው፣ አንድነት ቅርብ ነው። ሰባቱ ሽማግሌዎች ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። አንዱን አዛውንት ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ጠፍቶ እኔ ወሰድኳቸው።

ኬኩን ስነግራችሁ ያቅለሸልሸኛል። የኮሪያን ምድር አስመስለው ያስጋገሩት ትልቅ ኬክ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀለም ክሬም ተቀብቷል፣ ድንበር የለውም። ፓስተሩና ሁለቱ ሊቃነ መናብርት በአንድ ቢላ ላይ ሦስት እጅ ደርበው ፎቶ ተነሱና ቆረጡት። የት ላይ? እወገቡ ላይ! ልክ ሁለት ላይ! ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልደነገጠ፣ አጨበጨቡ። ለእማማ ኦክሱን ከላይኛው ቁራጭ በወረቀት ሳህን አመጡላቸው። ሰዎች ሆይ፣ የሴትዮዋ ጉሮሮ ውሃ እንኳ በስንት መከራ ነው የሚያሳልፈው። ሳህኑን ወንበር ሥር አስቀመጡት።

ስድስት ሰዓት ላይ ቀረጻው ተጀመረ። አንድ ሰዓት ውስጥ ስድስቱ አለቁ። ሰባት ሰዓት ላይ ቁጥር ሰባት ተጠራ፣ እማማ ተነሱ። ያኔ ነው ፓስተር ናፍያድ ክንዴን የያዘኝ።

«እህት የትምወርቅ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሃምሳ አለቃን እናስቀድማቸው እንዴ? ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደክሟቸዋል። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

እኛ በር ላይ ስንገናኝ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ!» ስንባባል ያደግን ነን። ትልቅ ሰው እያለ ቀድሞ መግባት ነውር ነው። ለፓስተር እንቢ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። እማማን ዞር ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ይቅደሙ እንጂ!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የሰው ተራ በገዛ አፌ ሰጠሁ፣ ፈገግም ብያለሁ።

ሃምሳ አለቃ ተራ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ይግቡ ተባሉ፣ ገቡ። የወደቁባቸውን ጓደኞች ስም በየማዕረጋቸው እየጠሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ፓስተሩ እዚያው ካሜራው ፊት «አጭር ጸሎት» ብሎ ሩብ ሰዓት ጸለየ። ሊቀመንበሩ «ሰላምታ ብቻ» አለ፤ ያኛውም ሰላምታ አማረው። ሚስ ሃን ሁለት ጊዜ እጇን አንስታ «ቁጥር ሰባት» አለች፤ «አንድ አፍታ» አሏት። እማማ ኦክሱን ቆመው ነበር። ይቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ተራቸው ነዋ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የሠርጉ ሰዎች ወንበር ይዘው ገቡ፣ ሚስ ሃንም ካሜራዋን ሸክፋ ወጣች።

«ይቺ ሴትዮ ቆማ ምን ትጠብቃለች?» አሉኝ ሃምሳ አለቃ።

ነገርኳቸው። ሰኞንም ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ እማማን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«የሷን ነው የበላሁት?»

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ?»

«አዎ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ቱ!» አሉ። እኔ ላይ ይሁን፣ ራሳቸው ላይ፣ እስካሁን አላውቅም። «መኪናውን አምጪ። የካሜራዋ ሴትዮ የት እንደደረሰች ደውዪ!»

ፓስተሩ ከኋላችን ይከተላል። «እህቴ፣ የቡድን ፎቶ አለ እኮ!» አለኝ። ሃምሳ አለቃ በከዘራቸው በሩን አመለከቱትና «አንተ ከዚያ ኬክ ጋር ተነሳ!» አሉት። በሕይወቴ ለፓስተር እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ሚስ ሃን ስልኩን አንስታ «ኤርፖርቱ መግቢያ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከዚያ አልችልም» አለችኝ። ይኸው ነው ሃያዋታ ላይ መሪ የሚያስመታኝ።

መብራቱ ለቀቀ። ሃምሳ አለቃ ከኋላ ያጉረመርማሉ። «እኛ ስንዋጋ ተኩስ አቁም ነው ብለው አስቆሙን። ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተኩስ አቁም! ሰላም የሚባለውን እስከ ዛሬ ማን ፈረመው? በየዓመቱ አበባ ያንጠለጥሉብኛል፣ ከሚኒስትር ጋር ያቆሙኛል፣ ‹ሰላም ያመጡልን አባት› ይሉኛል። ኤዲያ! የት ያለውን ሰላም ነው ያመጣሁት?» እማማ አማርኛ አይገባቸውም፤ ግን ዞር ብለው የሃምሳ አለቃን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተጓዥ የሚወርድበት በረንዳ ላይ ደረስን። ሚስ ሃን ሻንጣዋን በእግሯ ደግፋ ካሜራዋን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፊቷ ከኔ ይበልጥ ደክሟል። የቫኗን የጎን በር ከፈትኩ። እማማን ከፊት አውርጄ በበሩ በኩል አስቀመጥኳቸው፣ ቁጥራቸውን አቀናሁ። ሚስ ሃን ቅጹን እማማ እጅ አስይዛ ካሜራውን ስታስተካክል፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ፖሊስ ወደ ቫኗ መጣ። እዚያ ማውረድ እንጂ መቆም አይቻልም።

«ማም፣ መኪናውን አንቀሳቅሺ።»

«አምስት ደቂቃ፣ ፕሊስ።»

«አይቻልም። አሁኑኑ።»

ሃምሳ አለቃ በዚያኛው በር ወረዱ። ከዘራቸውን ቫኗ ላይ አስደግፈው ፖሊሱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙና የወታደር ሰላምታ ሰጡት። እጃቸውን አላወረዱም። ያቺኑ የሚያውቋትን እንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰማሁ፦ «ኮሪያ። ናይንቲን ፊፍቲ ቱ። ዚስ ውማን፣ ኮሪያ። ፋይቭ ሚኒትስ፣ ሰር።»

ፖሊሱ ኒሻኖቹን አየ፣ እማማን አየ። «ታንክ ዩ ፎር ዩር ሰርቪስ» አላቸው፤ ከዚያ ሰዓቱን አየና «አምስት ደቂቃ» ብሎ ከኋላችን ያሉትን መኪኖች በሌላው መስመር ማሳለፍ ጀመረ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አወረዱ። «ይህ ቆርቆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ» አሉኝ ኒሻኑን በጣታቸው ነክተው።

እማማ ኦክሱን ተናገሩ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል፣ በየመካከሉ ይጠፋል፣ ውጠው እንደገና ይጀምራሉ። ኮሪያኛ አላውቅም። «ማልሱን» የሚለውን ብቻ ለየሁ፤ የእህታቸው ስም ነው፣ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ይዤ ቆሜያለሁ፣ አላለቀሱም። መጨረሻ ላይ ዶሮ ከጓሮ እንደምታባርር ሴት እጃቸውን አወናጨፉና አፋቸውን ዘጉ። አራት ደቂቃም አልሞላ።

ሚስ ሃን ካሜራውን ስታጠፋ ጎተት አድርጌ ወሰድኳት። «መቼ ይደርሳታል?» አልኳት።

«እውነቱን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«እኔ በሦስት ዓመት ዘጠና ሦስት ሰው ቀድቻለሁ። ከኔ ቅጂ አንድም አልደረሰም። ያኛው ወገን አይቀበልም፣ ይሄኛው ወገን ይቀመጥ ይላል። መደርደሪያ ላይ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ! ያ ሁሉ ባነር፣ ያ ሁሉ «ቅርብ ነው»፣ መጨረሻው መደርደሪያ። «ታዲያ እሳቸው ይህን ያውቃሉ?»

«ስትመዘገብ ነግሬያታለሁ። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

ሚስ ሃን ሻንጣዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እማማ ያሉትን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። እንዲህ ነው ያሉት፦

«ማልሱን፣ እኔ ነኝ፣ እህትሽ። አባባ እኔን ይዞ ወደ መርከቡ ሲሄድ ‹በሩ ጋ ቁሚ፣ በሦስት ቀን እንመጣለን› ያልኩሽ እኔ ነኝ። እንደማንመለስ ሰምቼ ነበር። ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። ስምንት ዓመትሽ ነው፣ ብርድ ነው፣ አንቺ ደግሞ ቁሚ ካሉሽ ትቆሚያለሽ። ማልሱን፣ አልመጣም። ከበሩ ሂጂ። ግቢና ሙቂ።»

ሚስ ሃን ሄደች። ፖሊሱ እጁን አወዛወዘልኝ፣ ሞተር አስነሳሁ።

ወደ ብሩክሊን ፓርክ ተመለስን። ሃምሳ አለቃ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ፣ በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ስልኬ ጮኸ፤ ፓስተር ናፍያድ ከመውጣታችን በፊት የተነሳ ፎቶ ልኳል። ሁሉም ከተቆረጠው ኬክ ኋላ ጥርሱን ገልጧል። ዳር ላይ እማማ ኦክሱን «7» ን ደረታቸው ላይ ሰክተው ቆመዋል፣ ግማሽ ፊታቸው ተቆርጧል። ከሥሩ «እርቅ ተጀመረ!» ይላል። ስልኩን ተጸይፌ ዳሽቦርዱ ላይ ወረወርኩት።

ግን በማን ላይ ነው የምጸየፈው? እነሱ አንድ ቀን «ቅርብ ነው» አሉ። እኔ ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ ስል ነበር።

እማማን አፓርታማቸው በር ላይ አውርጄ ወደ መሪው ሳልመለስ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሮዳስ ናት። አስመራ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ኔትወርክ የምታገኘው ያኔ ነው።

«የትሜ! ለገና ቁርጥ ነው አይደል? ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

አፌ «ቁርጥ ነው!» ሊል ተከፈተ፤ ልማዱ ነው። እማማ ኦክሱን በሩ ላይ ቆመው ቁልፍ ይፈልጋሉ፣ ቁጥሩን ከደረታቸው ገና አላወለቁትም።

«ሮዲ፣ አልመጣም» አልኳት።

«ምን?»

«ወረቀቴ አላለቀም። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ለገናም አልመጣም፣ ለፋሲካም። የዛን ለት ስነግርሽም አውቅ ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና «ሮዲ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አልጋሽን አንጥፌልሽ ነበር እኮ። ከሐምሌ ጀምሮ ልጆቹን መሬት ነው የማስተኛቸው።»

«አልጋው ላይ አስተኚያቸው» አልኳት። «ሮዲ፣ በናትሽ፣ አሁኑኑ ቀስቅሰሽ አልጋው ላይ አስተኚያቸው።»